በሚካኤል ዕለት ከፍ ብለህ እለፍ

ጥቅምት 26

የደብረ ብርሃን ውርጭ። ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። ቢሮው ማሞቂያ የለውም፤ የሚያሞቁን ኮምፒውተሮቹ ናቸው። የነዳጁ ስሌት ዛሬ ከአሮጌው ጋር ገጠመ። የጦር አብራሪዎች መስመራቸውን፣ ከፍታቸውን፣ ነዳጃቸውን የሚያወጡበት ፕሮግራም አርጅቶ በአዲስ እየተካነው ነው።

አሮጌው ውስጥ ደስ የሚል ነገር አገኘሁ። ንግሥ ወይም ገበያ ያለባቸው ቦታዎች ከነቀናቸው ገብተዋል። መስመሩ በዚያ ቀን እዚያ ላይ ካረፈ፣ «ከፍ ብለህ እለፍ» ይላል። ማን እንዳስገባው የሚያውቅ የለም። ዕድሜ ይስጠው። አንኮበር፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለችው የሰፈራችን ሚካኤል እንኳ አልቀረችም። ለእማዬ ብነግራት... አይነገርም እንጂ።

ኅዳር 3

በአጋጣሚ አየሁት። አሮጌው ቀኖቹን የያዘው በእኛ አቆጣጠር ነው። ኅዳር ሚካኤል ሲል፣ ሦስተኛ ወር፣ ዐሥራ ሁለት። አዲሱ ደግሞ ሦስተኛ ወር ሲባል የሚያውቀው የፈረንጆቹን ማርች ነው። ንግሡ ሁሉ ወሩን ስቷል። የኅዳር ሚካኤል በመጋቢት ሊከበር ነው። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ግን... ቀኖቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ያሻገርኩት እኔ አይደለሁ?

ኅዳር 4

ለአለቃዬ ለዘርአ ዳዊት ነገርኩት።

«አሁን ከነካኸው ፍተሻው እንደገና ከሀ ይጀምራል። ርክክቡ ደግሞ ደርሷል።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው እኮ።»

«አብራሪው ዓይን የለውም? በሚቀጥለው እትም ታስተካክለዋለህ። ፈርምና እንገላገል።»

ፈረምኩ። ለምን? ደክሞኝ ነበር። ፈርቼም ነበር። ስህተቱ የእኔ ተብሎ እንዲጻፍ አልፈለግኩም... ይኸው ነው።

ኅዳር 6

ሥራ። ብርድ። እንቅልፍ የለም።

ኅዳር 8

የሙከራ በረራው መስመር ደረሰ። ሄሊኮፕተር፣ ዝቅ ብሎ፣ በአንኮበር አፋፍ በኩል ወደ ቆላ። ቀኑ ኅዳር 12። ፕሮግራሙ አንድም ማስጠንቀቂያ አላሳየም።

«ለአብራሪዎቹ ደውለን እንንገራቸው» አልኩት ዘርአ ዳዊትን።

«ምን ብለን? የፈረምንበት አይሠራም ብለን?»

ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ዝም ማለት ለመደብኝ።

ማታ እማዬ ደወለች። ለሚካኤል የተሳለችውን ጥላ ዘንድሮ ልታስገባ ነው። ትመጣለህ ወይ? አለች። ምን ልበላት? የበረራ መስመር ማውራት ያሳስራል። በዚህ ዘመን ደግሞ ከሰማይ ድምፅ ሰምቶ ልቡ የማይርድ ሰው የለም። ያ ሁሉ ሕዝብ በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ከደነገጠ... «አሞኛል፣ ነይልኝ» አልኳት። ውሸት።

ኅዳር 11

መጣች። በሶ ይዛ፣ ጸበል ይዛ። ግንባሬን ነካችና «ትኩሳት እንኳ የለህም» አለች። አሳልኩ። ይሄን የሚያህል ሰውዬ ለእናቱ ሲያስል።

ጥላውን ለጎረቤቷ ለእትዬ በሰለች ሰጥታ ነው የመጣችው። «እሷ ታስገባልኛለች። ሚካኤል የእኔንም ከእሷ ይቀበላል።» እትዬ በሰለች... ለካ አላሰብኳትም። አሁንም መደወል ይቻላል። ለእሷም፣ ለደብሩ አለቃም። አልደወልኩም። ምናልባት ምንም አይሆንም። ምናልባት አብራሪው ሕዝቡን ከሩቅ ያያል።

ኅዳር 12

ታቦቱ ወጥቶ ሳለ ነው አሉ። ሄሊኮፕተሩ ከገደሉ ሥር ድንገት ብቅ አለ። ከዛፎቹ ትንሽ ከፍ ብሎ አለፈ። ምንም አላደረገም፣ ማለፍ ብቻ። ሕዝቡ ግን ተራወጠ። እትዬ በሰለች በግፊያው ጥላውን እንደያዘች ገደል ገባች። ከአንኮበር ሲደወል ስልኩን ያነሳችው እማዬ ናት። እኔ ድምፁን ከአልጋዬ ሆኜ ሰማሁ።

ኅዳር 13

እዚሁ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አመጧት። ዳሌዋ ተሰብሯል። ሐኪሙ «ከእንግዲህ በእግሯ መሄዷን እንጃ» አለ።

ቀኖቹን አስተካከልኩ። ከጧት እስከ ምሳ ነው የፈጀብኝ። ከጧት እስከ ምሳ! ዘርአ ዳዊት «ጎበዝ፣ ዝም ብለህ አስገባው» አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ኅዳር 15

ከሆስፒታል ስንመለስ፣ እማዬ፦

«ሳልህ የት ገባ?»

የበሩን ቁልፍ ከኪሴ ፈለግኩ።

«እንዳልሄድ ነው የጠራኸኝ?»

«አዎ።»

«ታውቅ ነበር?»

ነገርኳት። ቀኑን፣ ፊርማውን፣ መስመሩን፣ ሁሉንም። በር ላይ ቆማ ሰማችኝ። ነጠላዋን አስተካከለች። ትቆጣለች ስል አልተቆጣችም።

«ለእኔ ታመምክልኝ። ለበሰለችስ ማን ይታመምላት?»

ገባ አላለችም። ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰች።

ኅዳር 18

ስፈርም ስህተቱን አውቅ እንደነበር ጽፌ አስገባሁ። ዘርአ ዳዊት አነበበውና «ራስህን አጠፋህ። እኔንም ይዘኸኝ ጠፋህ» አለ። ከነገ ጀምሮ እንዳልመጣ ተነገረኝ። ለጥያቄ ትፈለጋለህም ብለውኛል። ይጥሩኝ።

ለእትዬ በሰለችም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ይቅርታ አልኳት፤ ጆሮዋ ይግባ አይግባ እንጃ።

እማዬ ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ዘንድ አላደረችም። እዚያው ሆስፒታል፣ አልጋው ሥር አንጥፋ ትተኛለች። ዛሬ አጥሚት ሠርቼ ወሰድኩ። ተቀበለችኝ። አቀዝቅዛ፣ ለእትዬ በሰለች በማንኪያ ታጠጣት ጀመር። አጠገቧ ባዶ ወንበር አለ። እኔ ቆሜያለሁ። አጥሚቱ እስኪያልቅ ቆምኩ። ተቀመጥ አላለችኝም።