የቱርኪ ውሻ ይመለስልኝ

ጅዳ፣ ሳፋ
ሰኞ፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ የኢስራ እናት፣ ለሸምሲያ፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቂልኝ። የጎረቤታችን የቱርኪ ውሻ ግቢያችን እንዳይገባ ያስከለከልኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ተመልሶ እንዲገባ ደጅ የምጠናውም እኔው ነኝ። አእምሮዬ አልተነካም። ስኳሬም ደህና ነው፤ ጠዋት ጠዋት እለካዋለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ አንቺም እኔም «ደህና ነን» ብለን ቶሎ ስለምንዘጋ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከመነሻው በቅደም ተከተል ልጻፍልሽ።

እናትሽን ልታስታምሚ ወደ ደሴ የሄድሽው ነሐሴ 6 ቀን ነው። በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሶላት ስመለስ፣ ለሻይ ከምንቀጥፈው ከነዕናዑ መደብ አጠገብ የውሻ ዓይነ ምድር አገኘሁ። በመንገዳችን ከቱርኪ በቀር ውሻ ያለው የለም። እንደ ሸሪዓው ቦታውን ሰባት ጊዜ አጠብኩ፤ አንዱን በአፈር። በማግስቱ ደግሞ ሌላ። ያን ጊዜ ደብተር አወጣሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን መጻፍ ጀመርኩ፤ ግቢውንም በስምንት ክፍል ከፍዬ ሣልኩት። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አርባ አንድ ጊዜ ሆነ። ድምዳሜዬ ግልጽ ነበር። አንቺ እያለሽ አንድም ቀን አልሆነም፤ በሄድሽ በሳምንቱ ጀመረ። ስለዚህ ቱርኪ የቤቱ እመቤት አለመኖሯን አይቶ ንቆኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ይህን የመሰለ ማስረጃ ይዞ ዝም አይልም።

በዐረብኛ ሦስት ገጽ ጻፍኩለት፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ መሆኑን ከነቀኑ ገልጬ፣ ሥዕሉንም አያይዤ። በሩ ላይ ቆሞ አነበበና ሳቀ።

«ያ ኡስታዝ፣ ይሄ ደብዳቤ ነው ፈተና? ሁለት ዓመት ሙሉ ከእናንተ ቤት አንድ ቃል አልሰማሁም። አሁን ምን ተገኘ?»

«ሁለት ዓመት ሳይሆን አምስት ወር ነው» ብዬ አረምኩት።

«እሺ፣ ኸላስ። ካንተ ጋር በቁጥር አልከራከርም።»

ቃሉን አከበረ። በሦስተኛው ቀን ለውሻው በጓሮው አጥር አሠራለት፤ የሚያንሸራሽረውም አትክልተኛው ኻሊድ ሆነ። ግቢያችን እንደ መስተዋት ጸዳ። እኔም በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ «ተፈጽሟል» ብዬ ጽፌ ዘጋሁት።

ከሳምንት በኋላ ነዕናዑን ሳጠጣ ከቱርኪ ጣሪያ ላይ ድምፅ ሰማሁ። ሠራተኛቸው ጌጤነሽ ልብስ ታሰጣለች።

«ጋሼ ማሕሙድ! ግቢው ጸዳልዎት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ጸድቷል።»

«እንኳን ደስ ያለዎት። እኔንም ከውሻው ጋር አብረው ጠረጉኝ።»

ምን ማለትሽ ነው አልኳት። ማስጣቷን ሳታቋርጥ ነገረችኝ። የቤቱ ሥርዓት ሠራተኛ ያለ ጉዳይ ከበር እንዳትወጣ ነው። ማዳሟ ክፉ አይደለችም፣ ደሞዟም በወሩ ይሰጣታል፤ ሥርዓቱ ግን ሥርዓት ነው። ያላት አንድ የመውጫ ጉዳይ ውሻውን ማንሸራሸር ነበር። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እኔ ለዐስር ሶላት መስጂድ ስሄድ፣ እሷ እኛ ግቢ ገብታ ከሎሚው ሥር ካንቺ ጋር ስትጫወት ኖራለች። እናቷ ጋም የምትደውለው እዚያው ቁጭ ብላ ነው። የበሩን መቀርቀሪያ ከውጭ መክፈት ያስተማርሻትም አንቺ ነሽ፤ ከሄድሽም በኋላ እየከፈተች ስትገባ ቆይታለች።

«ታዲያ ያኔ ውሻው ምን ያደርግ ነበር?» አልኳት።

«ምን ያደርጋል፤ እንደ ውሻ ነዋ! እትዬ ሸምሲያ ራሳቸው ናቸው የሚያነሱት። ሰባቴ አጥበው፣ እርስዎ ሳይመጡ ይደርቅላቸዋል። ‹ለጋሼሽ እንዳትነግሪው፣ ደብተር ያወጣል› ይሉኝ ነበር።»

«እሷ ከሄደች በኋላስ አንቺ ለምን አላነሳሽውም?»

«አካፋው ቤት ውስጥ፣ ቤቱ ተቆልፎ! በእጄ ልዝገነው?»

ሸምሲያ፣ ቁጥሬ ሁሉ ትክክል ነው፤ ደግሜ አይቼዋለሁ። አንቺ ስታነሺ የኖርሽውን ግን አንድም ገጽ ላይ አልጻፍኩትም፤ አላየሁትማ። እዚህ ቤት ውስጥ እኔ ሳላይ ሌላ ምን ምን እንዳነሳሽ ልቆጥር ተቀመጥኩና፣ ከየትኛው ዓመት እንደምጀምር ጠፋኝ።

በማግስቱ ቱርኪ ዘንድ ሄድኩ።

«በሦስት ገጽ ያስወጣኸውን በስንት ገጽ ልታስመልሰው ነው?» አለኝ።

«ባዶ እጄን ነው የመጣሁት። ተሳስቻለሁ። ውሻው ይመለስ፣ ይዛው የምትመጣውም ጌጤነሽ ትሁን።»

በሳቅ ያፌዝብኛል ብዬ ነበር፤ አላፌዘም። ከጎኑ አስቀመጠኝ። «ያ ኡስታዝ፣ ልጅቷ ግቢህ እንድትገባ ፈቅደን የነበረው ኡም ኢስራ ስላለች ነው። መሄዷን ያወቅሁት ካንተው ደብዳቤ ነው። ልጅቷ አማናዬ ናት፤ በአደራ የተቀበልኳት። አንተ የተከበርክ ሰው ነህ፤ ግን ብቻህን ነህ፣ የሰው አፍ ደግሞ አለ። ኡም ኢስራ ስትመለስ፣ ያላ፣ ውሻውም ልጅቷም ይምጡ። መቼ ነው የምትመለሰው?»

«በቅርቡ፣ ኢንሻአላህ» አልኩት። ያላጣራሁትን መልስ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ሰጠሁ።

ያም ሆኖ ሥራ ፈትቼ አልተቀመጥኩም። ለኢስራ ደወልኩላት። ዓርብና ቅዳሜ ከባሏ ከሱፍያን ጋር ከመካ፣ ከሩሰይፋ እየመጣች እዚህ ትውላለች፤ ቱርኪም ሁለቱን ቀን ተቀበለኝ። ባለፈው ዓርብ ጌጤነሽ ውሻውን ይዛ መጣች። እናቷ ጋ ደውላ እየሳቀች ስታወራ ውሻው ነዕናዑ አጠገብ ልማዱን አደረሰ። አካፋ አነሳሁ።

«ጋሼ፣ አርባ ሁለተኛው ነው። አይጽፉትም?»

«ደብተሩ ተዘግቷል» አልኳት። ሰባቱን እጥበት ግን ቆጥሬ ጨረስኩ፤ እሱን አልተውኩም።

ማታ ልጅሽ ሳህን ስታጥብ፣ «አባ፣ እማ እንድትመጣ የፈለግኸው ለጌጤነሽ ነው ለራስህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ሁለት ክፍል ስላለው ጊዜ ይፈልጋል አልኳት። ሱፍያን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወጣ።

ችግሩ ይህ ነው። ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ረመዳን ለሱፍያን ሱቅ ሥራ የሚበዛበት ወር ስለሆነ ኢስራ ከመካ መውጣት አትችልም። ያን ወር ሙሉ ጌጤነሽ ከጣሪያው በቀር መውጫ የላትም። ልጅቷን በራሴ እጅ፣ በጥሩ ዐረብኛ፣ ከነሥዕሉ የዘጋሁባት እኔ ነኝ፤ ልከፍትላትም እችላለሁ፤ ግን ብቻዬን አይሆንም።

እናትሽ በኅዳር መዳናቸውን ኢስራ ነግራኛለች፤ አላህ ይመስገን። ከዚያ ወዲህ ለምን እንደቆየሽ አልጠይቅሽም። አንዳንዱን እኔም ደርሼበታለሁ፤ የቀረውን ከሎሚው ሥር ስትቀመጪ ትነግሪኛለሽ፤ ሳላርም አዳምጣለሁ። የመመለሻ ፈቃድሽ እስከ መጋቢት 10 ያገለግላል፤ አጣርቻለሁ። መቀርቀሪያውን ዘይት ቀብቼዋለሁ። አካፋውንም ከቤት አውጥቼ በሩ ጥግ አቁሜዋለሁ።

አላህ ለእናትሽ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን፤ ከአደጋ ሁሉ ይጠብቅሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ። ጌጤነሽ ልብስ ባሰጣች ቁጥር «እትዬ መቼ ነው የሚመጡት?» ትለኛለች። እስካሁን «በቅርቡ» እያልኩ ነው። መምጣትሽንም ሆነ አለመምጣትሽን፣ ብትመጪ ደግሞ ቀኑን፣ ረመዳን ሳይገባ ቶሎ ጻፊልኝ።

ባለቤትሽ
ማሕሙድ