መከላከል የማያውቀው የሕልም ቡድናችሁ

ለክቡር አቶ ሮጀር ቫንደርፑል
የኤልም ግሮቭ ከተማ የምንጊዜም ምርጥ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አዮዋ

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ በቆሎዎና አሳማዎችዎ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። እሱም የተጎዳው ለዚችው ከተማ ስሮጥ ስለሆነ አላማርርም።

ኮሚቴዎ በከተማችን የተጫወቱትን ወንዶችና ሴቶች ዘመን ከዘመን አወዳድሮ፣ አምስት የሕልም ተጫዋቾች መርጦ፣ ሥዕላቸውን በአሮጌው ጂምናዚየም ግድግዳ ላይ ሊያስል መሆኑን በጋዜጣ አነበብኩ። አዎ፣ ራሴ አነበብኩት። ትምህርት ቤታችን ከክፍል ክፍል ሲያሳልፈኝ ፊደል መለየቴን የጠየቀ መምህር አልነበረም፤ ቡድኑ ተከላካይ ያስፈልገው ነበርና። ማንበብ ያስተማረችኝ በስድሳ ዓመቴ የከተማችን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። የልፋቷን ዋጋ በሚያናድድ ጽሑፍ ስላሳዩኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ቅሬታዎቼ እነሆ።

፩. በእኛ ጊዜ የሴቶች ጨዋታ ስድስት ለስድስት ነበር። ሦስት አጥቂዎች በአንዱ ግማሽ ሜዳ፣ ሦስት ተከላካዮች በሌላው፤ የመሐሉን መስመር ያለፈች ጥፋት ይያዝባታል። እኛ ተከላካዮቹ ኳሱን ነጥቀን መስመሩ ድረስ እናመጣለን፣ ለአጥቂዎቻችን እናቀብላለን፣ ከዚያ ቆመን እናያለን። ኮሚቴዎ ግን ከስሜ አጠገብ «ያስቆጠረችው ነጥብ፦ ዜሮ» ብሎ ጽፎ አለፈኝ። ስለ ጥልቅ ምርምሩ አደንቀዋለሁ። የምናስቆጥርበት ቅርጫት እኮ የነበረው ከመስመሩ ማዶ ነው።

፪. ይህንኑ ላስረዳ ኮሚቴው ወደሚሰበሰብበት ምግብ ቤት ብመጣ፣ ጸሐፊዎ ዱዌይን የቼሪ ኬኩን እያላመጠ፣ «እትዬ ኢርማ፣ ግማሹን ጨዋታ ቆመሽ ስታዪ ነበር እኮ! ለሱማ እኔም አለሁ፤ ሣሉኝ!» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥርሴ አዲስ ስለሆነ ይታይልኝ ብዬ።

፫. ነጥብ ብቻ ቆጥራችሁ የመረጣችኋቸው አምስቱም ከተለያየ ዘመን ቢመጡም በዚሁ በስድስት ለስድስት ሕግ የተጫወቱ የሴቶች ቡድን አጥቂዎች ናቸው። ወንዶቹን ሁሉ በመብለጣቸው ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ከአምስቱ አንዷም በዕድሜዋ የራሷን ቅርጫት ጠብቃ አታውቅም። ባላጋራ ኳስ በያዘ ቁጥር፣ አምስቱም እንደ ልማዳቸው መሐል ሜዳ ላይ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። በሕልም እንኳ እንዲህ የሚሸነፍ ቡድን ማቋቋም ቀላል ሥራ አይደለም።

፬. የምጠይቀው አንድ ቦታ ነው። ከሦስታችን ተከላካዮች አቨሪልና ኖርማ ሞተዋል፤ አንድም ጊዜ ስማቸው በጋዜጣ ሳይወጣ። የእነሱን መልክ የሚያስታውስ ሠዓሊ እንደማይገኝ አውቃለሁ። የእኔ ፊት ግን እዚሁ አለ፤ ለሦስታችንም ይበቃል።

ለትዕግሥትዎ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ እጅግ ትሑት፣ እጅግ ታዛዥ፣ ሥዕሉ እስኪደርቅ ግን እንቅልፍ የማትሰጥዎ አገልጋይዎ፣

ኢርማ ሊንድግሬን

ማስታወሻ፦ ከሁሉ ቀድመው የመረጧት ተጫዋች እናትዎ ዶሎሬስ መሆኗ በችሎታዋ እንጂ በዝምድና እንዳልሆነ አምናለሁ። በልምምድ ጊዜ እንዳታስቆጥር ሁልጊዜ የምከላከላት እኔ ነበርኩ። ትናንት ደውዬ ነገሩን ብነግራት፣ «አንቺ ካልተሳልሽ እኔም አልሳልም። ግን አደራ፣ ከጎኔ እንዳያቆሙሽ፤ ያን ክርንሽን አልረሳሁትም!» አለችኝ። እሑድ ምሳ እሷ ቤት እንደሚበሉ ስለማውቅ፣ መልስዎን ለእሷው ይንገሯት።