ሁለተኛ ሲም ለማስገባት ሲባል ስለጠፋው የበቅሎ ተራችን

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ሀብተ ሚካኤል
የበቅሎ አከራዮች ማኅበራችን ሊቀመንበር
ደባርቅ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎና ስልክዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ በቅሎዬም ሥራ ፈታ ስለከረመች ወፍራለች።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ የሠላሳ አራት አባላትን ተራ ጥፍር በምታህል ሜሞሪ ውስጥ አስገብተው በኪስዎ ይዘውልን ስለዞሩ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ስልክዎ ሁለተኛ ሲም ሲገባበት ለሜሞሪ ቦታ የማይተርፈው ሆኖ ቢያስቸግርዎ፣ ባለሙያ ማድከም የማይወዱት እርስዎ ሲሙን በላይተር አሙቀው፣ እንደ ድንች ልጠው፣ ሁለቱም በአንድ ቦታ እንዲገቡ ከሜሞሪው ጀርባ በሱፐር ግሉ እንደለጠፉት ሰምተን ተደንቀናል። ስለሆነም የሚከተለውን በትሕትና አመለክታለሁ።

፩ኛ. ማጣበቂያው ሳይደርቅ ወደ ስልኩ ስለከተቱት ካርዱ እዚያው ተጣብቆ ቀረ። ይህ በማንም ላይ ይደርሳል። በወረንጦ ጎትቶ ለሁለት መስበር ግን የእርስዎ ብቻ ሙያ ነውና እጅዎ ይባረክ።

፪ኛ. ስባሪዎቹን በመሐረብ ጠቅልለው ዳባት ድረስ በመውሰድ ስልክ ጠጋኙን ያርጋልን ማማከርዎም አይረሳም። የትኛው ግማሽ እንዲሠራልዎ እንደሚፈልጉ ቢጠይቅዎ ተቆጥተው እንደወጡ ሰምተናል፤ ልጁ እኮ ግራ ገብቶት ነው።

፫ኛ. እኔ ከጥምቀት ማግስት ጀምሬ ስጠብቅ ቆይቼ ሦስተኛ ደርሼ ነበር። እርስዎ እንደ አዲስ እንጀምር ብለው ከራስዎ ባወጡት ዝርዝር ሠላሳ አንደኛ ሆኛለሁ። ክረምት ከገባ ተራራውን የሚያይ እንግዳ እንደማይመጣ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በጨዋ ደንብ ጻፍኩ እንጂ በጣም ነው የተናደድኩት፤ ዘንድሮ አንድ ቀን እንኳ ሳልጭን ልቀር ነው።

ስለዚህ የቀድሞው ተራ አባላቱ ባሉበት ተጠይቆ፣ በወረቀት ተጽፎ፣ በቢሮው በር ላይ እንዲለጠፍልን እለምናለሁ። ወረቀት ሲም ስለማይገባበት ለእርስዎም እረፍት ነው።

የእጅዎን ጥበብ በማድነቅ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

ስሜነህ ገዱ
ባለፈው ሳምንት ሦስተኛ፣ ዛሬ ሠላሳ አንደኛ

ማሳሰቢያ፦ ማክሰኞ ጠዋት ግራጫዋ በቅሎዎ የፈረንጅ ሻንጣ ተጭና ወደ ተራራው፣ ወደ ቡይት ራስ ስትወጣ አይቻታለሁ። የሠላሳ ሦስታችን ተራ ጠፍቶ የእርሷ ብቻ በመትረፉ እንኳን ደስ ያለዎት። የእርሷን የት እንደመዘገቡት ይንገሩንና፣ እባክዎ የእኛንም እዚያው ይጻፉልን።