የባንኮኒው ቁመት

ወላይታ ሶዶ፣ ጥር 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፤

ሰላምታዬ ከደጅሽ ይድረስ። ጤናሽ እንዴት ነው? የሐዋሳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ሱሀይብስ ደህና ነው? ይኸው የባልሽን ስም ጻፍኩት፤ እጄም አልተቆረጠም። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ጥርሴ ሦስት ቀርቷል፤ ሦስቱም አይገናኙም። እናትሽ ካረፈች ወዲህ የምጨቃጨቀው ከሬድዮኑ ጋር ነው፤ ክፋቱ፣ ስሰድበው ዝም ብሎ ዜናውን ይቀጥላል።

ሰርግሽ ላይ ሳልገኝ ከቀረሁ ስድስት ዓመት ሞላ። «የጀማለዲንን ልጅ ካገባሽ አባት የለሽም» ያልኩትን አልረሳሁትም፤ አንቺም እንዳልረሳሽው ዝምታሽ ነግሮኛል። ሴት ልጅ መውለድሽን፣ ስሟም ሰልሳቢል መሆኑን ከሰው ሰማሁ። መልኳን ግን አላውቀውም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ሥራ ነው።

የካቲት ላይ እናንተ ከተማ ባዛር አለ። ለዞናችን ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ቦታ ተሰጠና ስታንዱን እንድሠራ እኔን አናጢውን ጠሩኝ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ አስካለች «ባለድርሻ አካላት በሙሉ ሳይግባቡ አንድ ሚስማር አይመታም» አለችን። ቀና ብል፣ የዝንጅብል ነጋዴዎች ተወካይ ሆኖ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አማትሽ ጀማለዲን! ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ገበያ ውስጥ መንገድ እያቋረጥን ስንሸሻሽ ኖረናል።

የጉኑኖው ሸማኔ ቶማ «የፊቱ ቦታ የኔ ነው» ይላል፤ ጀማለዲንም «የኔ ነው» ይላል። እኔን በቀጥታ አያናግረኝም። «አናጢው ይህን ይወቁልኝ» እያለ ለአስካለች ይነግራታል። እኔም «ነጋዴው ቀስ ይበሉ፣ ደም ግፊት አለባቸው በይልኝ» እላታለሁ። ምስኪኗ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስትላላክ ዋለች። ሦስት ስብሰባ እንዲህ አለቀ።

በአራተኛው የአዳራሹን ወለል በስታንዱ ልክ በጠመኔ አሰመርኩና ሁሉንም አስነሳኋቸው። ቶማን «አንተ ገዢ ነህ፤ በዚህ ግባ» አልኩት። የደረቁን ዝንጅብል ከፊት ስናደርገው ጆንያው ሸማውን ጋረደው። ከኋላ ስናደርገው ግን ሽታው እስከ በሩ መጣ፤ አስካለችን አስነጠሳት። ያኔ ጀማለዲን ሳቀ። «እንግዲያው የኔ ዕቃ ከኋላም ሆኖ ሰው ይጠራል፤ ፊቱን ለሸማው ስጡት» አለ። ቃለ ጉባኤው ተፈረመ።

ትናንት ባንኮኒውን ጨርሼ አሳየኋቸው። ቶማ ከአንዱ ጫፍ ቆሞ፣ «አባባ፣ እዚህ ጋ ለምን ጉልበቴ ላይ ቀረ? እንጨቱ ነው ያጠረዎት ወይስ ዐይንዎ?» አለኝ። «ለአጭር ገዢ ነው» አልኩት። ሁሉም ሳቁ።

ጀማለዲን አልሳቀም። ጎንበስ አለና መዳፉን ከወለሉ ወደ ላይ አንስቶ ለካ። ከዚያ አስካለችን ሳይልክ፣ ጆሮዬ ስር፣ «አራት ጣት ጨምርበት» አለኝ፤ «ለዒድ እኛ ቤት መጥታ ነበር፤ አድጋለች።»

እነሱ ቤት ማለት ከኔ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው።

 ሚስማሩን ነቅዬ አራት ጣት ጨመርኩበት፤ ጠርዙንም እጅ እንዳይወጋ በብርጭቆ ወረቀት ደጋግሜ አለሰለስኩት።

ባዛሩ የካቲት 7 ይከፈታል፤ የስታንዳችን ቁጥር 31 ነው። አስካለችን «ድንገት የሚወልቅ ነገር ቢኖርስ?» ብዬ ስላሳመንኳት ሰባቱንም ቀን እዚያው ነኝ። እኔ የመታሁት ሚስማር እንደማይወልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ለእሷ እንዳትነግሪብኝ። መግባት ከከበደሽ፣ ጀማለዲንም እዚያው ስለሚሆን የልጅሽን እጅ ይዞ ያስገባታል፤ አንቺ ከደጅ ቆመሽ ጠብቂ። እኔም ብዙ አላወራም። አፌን ታውቂዋለሽ፤ ግን እሞክራለሁ።

ጌታ ቤትሽን ይጠብቅ፤ ለባልሽም ጤና ይስጥልሽ። ልጅሽን ያሳድግልሽ፣ ቁመቷንም ይጨምርላት፤ ብቻ እስከ የካቲት 7 ይታገሰኝ፣ ባንኮኒውን ሁለተኛ አልነቅለውም።

የሰልሳቢል አያት