ለሴቶች ሕሙማን በር ያስከፈቱት ወይዘሮ ለተክርስቶስ ገብረዮሐንስ

ወይዘሮ ለተክርስቶስ ከአባታቸው ከቄስ ገብረዮሐንስ ሐጎስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ምብራት ተስፋይ በ1876 ዓ.ም. በትግራይ፣ በእንደርታ ተወለዱ። ቄስ ገብረዮሐንስ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ፊደል ያስቆጠሩት ሴት ልጃቸውን ነበር። እርሳቸውም በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ዳዊት ደገሙ። ጎረቤቱ «ሴት ልጅ አንብባ ምን ልትሆን ነው?» እያለ አባታቸውን ያማ እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር።

በ1895 ዓ.ም. ነጋዴ አጎታቸውን ተከትለው አዲስ አበባ ገቡና እሪ በከንቱ ሰፈሩ። አማርኛን የተማሩት በአራዳ ገበያ ነው። በ1898 ዓ.ም. ከአናጢው ከአቶ ከተማ ዘገዬ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሦስት ልጆች ወለዱ።

በ1903 ዓ.ም. አንድ የውጭ አገር ሐኪም ከገበያው በላይ በከፈቱት ትንሽ ሐኪም ቤት አንሶላና ፋሻ ለማጠብ ተቀጠሩ። በዚያም ልባቸውን ያሳዘነ ነገር አዩ። ወንዶቹ ተሰልፈው ሲታከሙ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው በሩ ድረስ ይመጡና ይመለሱ ነበር። አንድ ቀን አራስ የነበሩት ወይዘሮ የሺዓለም ጡታቸው አብጦ፣ ትኩሳት እያንቀጠቀጣቸው መጡ። ሐኪሙን ሲያዩ ግን «ለወንድ ጡቴን ከማሳይ ብሞት ይሻለኛል» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ወይዘሮ ለተክርስቶስ እጃቸውን ያዙና «እሳቸው አያዩሽም። እኔ አይቼ እነግራቸዋለሁ፤ የሚሉኝን ደግሞ እኔው አደርግልሻለሁ» አሏቸው። ያን ዕለት ያጠቡትን አንሶላ በክፍሉ መካከል ሰቀሉ። ሐኪሙ ከመጋረጃው ወዲያ በአስተርጓሚ ይጠይቃሉ፤ እርሳቸው ከወዲህ ሆነው የእብጠቱን ስፋትና ትኩሳቱን ይናገራሉ። በመጨረሻም እንደታዘዙት እብጠቱን በምላጭ ከፍተው መግሉን አወጡ። ወይዘሮ የሺዓለም ዳኑ፤ ዛሬም በመካከላችን ቆመው ያለቅሳሉ። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ከበሩ መመለስ ተዉ።

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሲገባ ሐኪሙ ራሳቸው ታመው ተኙ። የመድኃኒቱን ሣጥን ቁልፍ ለወይዘሮ ለተክርስቶስ ሰጥተው «ያለውን ለመጣው ሁሉ ስጪ» አሏቸው። የነበረው ኪኒን ሦስት ቀን እንኳ አልሞላም። በአራዳ አንዳንድ ሰዎች የኖራ ዱቄት ጠቅልለው መድኃኒት ነው እያሉ ይሸጡ በነበረበት በዚያ ሰዓት፣ እርሳቸው በሩ ላይ ቆመው «መድኃኒቱ አልቋል፤ ውሃ አፍልታችሁ አጠጡ፣ አጥሚት አቅምሱ፣ በሽተኛውን ብቻውን አትተዉት» ይሉ ነበር። ሰው የሌለበት ቤት ሲሰሙም ውሃውን ራሳቸው ይዘው ይሄዱ ነበር።

በአምስተኛው ቀን አቶ ከተማና የሁለት ዓመቷ ልጃቸው ወይኒ አብረው ወደቁ። አቶ ከተማ «ከኪኒኑ ለቤት አስቀርተሻል?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ለተክርስቶስ «አላስቀረሁም» አሉ። አቶ ከተማ ተረፉ፤ ወይኒ ግን ዐረፈች። በእነዚያ ቀናት ጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴው አቶ ሲራጅና ባለቤታቸው በየማለዳው አጥሚት ባያመጡልን ኖሮ፣ ይህን የምጽፈው የወይዘሮ ለተክርስቶስ ልጅ ገብረአምላክም ዛሬ አልኖርም ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ «ጥቂት ኪኒን አስቀርተው ቢሆን ወይኒ ትድን ነበር?» ብዬ እናቴን ጠይቄያቸው ነበር። «አላውቅም፣ ልጄ» ብቻ አሉኝ።

አባቴ እስከ ፋሲካ ድረስ እምብዛም አላነጋገሯቸውም። ከበዓሉ በኋላ ግን ማንም ሳያዛቸው ሳንቃ አሸክመው ወደ ሐኪም ቤቱ ወጡና፣ አንሶላው ይሰቀልበት በነበረው ቦታ በር ያለው የእንጨት ግድግዳ ሠሩ። «ሴቶቹ ከነፋሱም ይጠለሉ» አሉ። ወይዘሮ ለተክርስቶስ የዚያን ዕለት ያህል ሲያለቅሱ አላየንም።

በ1917 ዓ.ም. የሰፈሩን ሴቶች ስም ይዘው፣ ማመልከቻውን በራሳቸው እጅ ጽፈው ለሐኪም ቤቱ አቀረቡ። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ሕክምናው ለሴቶችና ለሕፃናት ብቻ እንዲሆን ተፈቀደላቸው። ረዳታቸው የሆነችውን ወይዘሪት ዓለምጸሃይንም ቁስል ማጠብና የመድኃኒት ጠርሙስ መለየት አስተማሩ፤ ዛሬ ያን የሴቶች ክፍል የያዘችው እርሷ ናት።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ልባቸው ደክሞ እግራቸው ያብጥ ነበር። ሐኪሙ ያዘዙት ጠብታ በከተማው መድኃኒት ቤቶች ሁሉ ታጣ። ያከሟቸው ሴቶች ከአራዳ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ተከፋፍለው ፈለጉ፤ አላገኙም። አቶ ሲራጅ ድሬዳዋ ላሉ ዘመዳቸው ጽፈው በባቡር አስመጡላቸው። በዚያ መድኃኒት ሰባት ሳምንት ያለ ጭንቅ ተኝተው አደሩ፣ የልጅ ልጆቻቸውንም አንድ በአንድ መረቁ። ስለ እነዚያ ሳምንታት አምላካችንን፣ ቀጥሎም የለፋችሁትን ሁሉ እናመሰግናለን።

ወይዘሮ ለተክርስቶስ ግንቦት 11 ቀን 1927 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን አቶ ከተማን፣ ልጆቻቸውን ሙሉነሽንና ገብረአምላክን፣ አምስት የልጅ ልጆችንም ትተው አልፈዋል። ከማረፋቸው በፊት የጠየቁን አንድ ነገር ነበር፤ እርሱንም ፈጽመናል። ዛሬ ማለዳ፣ አስከሬናቸው ከቤት ሳይወጣ፣ ግማሽ የቀረውን የጠብታ ጠርሙስ ለወይዘሪት ዓለምጸሃይ አስረክበናል። ልባቸው የደከመ አንዲት እናት በዚያ ክፍል ተኝተው ይጠብቁ ነበርና።

እግዚአብሔር አምላክ ነፍሳቸውን ሕመምና ልቅሶ በሌለበት፣ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። አሜን።