የአህያው፣ የኤሊዋና የጫጩቷ ስም

ሰኞ፣ ኅዳር 16

አህያውን «ሙዲር» ብለሽ እንዳትጠሪው ተባልኩ። ያለችኝ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህርት ናት። እኛ በዐረብኛው ሙዲራ የምንለው እሷን ነው። «ከዚያ ወዲያ ልጆቹ እኔን ባዩ ቁጥር ሊያናፉ ነው» አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ሲሃም የምትባል ከካርቱም የተፈናቀለች ሠዓሊ አለች። ጦርነቱ ካባረራት ወዲህ እዚሁ ገዳሪፍ አክስቷ ቤት ተጠግታ ትኖራለች። በታብሌቷ እየሣለች የሃያ ደቂቃ የካርቱን ፊልም ሠርታለች። ጎርፍ ጫጩቷን ስለወሰደባት ሽመላ ነው። አህያና ኤሊ ያፋልጓታል። ፊልሙ በዐረብኛ ነው፤ ትምህርት ቤታችን ደግሞ ዘንድሮ በመተማ በኩል በመጡ ልጆች ተሞልቷል። አማርኛ እንጂ ሌላ አይሰሙም። ቅዳሜ ይታይላቸዋል ተብሏል። ወደ አማርኛ የምመልሰውም፣ ድምፅ የምሆነውም እኔ ነኝ።

ሙዲራዋ ሥራውን ለእኔ የሰጠችኝ አዝና ነው። አውቃለሁ። ከክረምቱ ወዲህ ለማስተማር ክፍል አልገባሁም።

እዚህ ደብተር ላይ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ሐምሌ ላይ ሴት ልጅ ወለድኩ። ዐሥራ አንድ ቀን ኖረች። ክርስትና ሳትነሣ፣ ስም ሳይወጣላት ሄደች።

ጻፍኩት። አነበብኩት። ምንም የለም።

የሚመለሱ ስሞች፦
አህያው፣ ሙዲር (የተከለከለ)
ኤሊዋ፣ ሐቡባ
ጫጩቷ፣ አማና
እናት ሽመላ ስም የላትም። «እናት» ብቻ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ድምፁን የምንቀዳው ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው። የሲሃም አክስት ባል ነጋዴ ናቸው፤ መጋዘኑን ለቀቁልን። ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ድምፅ ይውጣል። ራክሻ የምንለው የባጃጁ ጡሩምባ እንኳ ከሩቅ ነው የሚሰማው። አቧራው ግን ያስነጥሳል።

ሲሃም ቀጭን ናት፤ ቶሎ ቶሎ ታወራለች። ስሞቹን እንዲሁ እንዳልመልስባት ፈርታ ይመስለኛል፣ መጀመሪያ ከየት እንዳመጣኋቸው ልንገርሽ አለች።

አህያው ሙዲር የተባለው ካርቱም ትሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ምክንያት ነው። ሁልጊዜ አርፍዶ ይመጣል፣ እንቅልፉን ይለጥጣል፣ ስብሰባ ላይ ደግሞ ስለ ሰዓት አክባሪነት ይናገራል። «ይደርሳል» እንበለው አልኳት። የሰው ስምም ነው፤ አህያው ደግሞ እስከ መጨረሻው አይደርስም። ትርጉሙን ሳስረዳት ጆንያ ላይ ተደግፋ ሳቀች።

ሐቡባ ማለት በእነሱ ዐረብኛ አያት ማለት ነው። የሲሃም አያት ከኦምዱርማን ቤቷ አልወጣም ብላ ቀርታለች። ኤሊዋ ቤቷን ተሸክማ የምትሄደው ለዚህ ነው። «ስንታየሁ» አልኳት። ስንቱን አየሁ ማለት ነው። ሲሃም ለራሷ ደጋግማ አለችው። ወደደችው።

አማና ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቀነሰ። ከካርቱም ስትወጣ በአውቶቡሱ መስኮት አንዲት የማታውቃት ሴት ሕፃን አቀበለቻት። «አማና» አለቻት፤ በእጅሽ ትሁን፣ መዳኒ ላለችው እህቴ አድርሺልኝ። አውቶቡሱ ተነሣ። ሲሃም ሕፃኗን መዳኒ አድርሳ ለአክስትየዋ አስረከበች። ኋላ ጦርነቱ መዳኒም ገባ። ከዚያ ወዲያ የምታውቀው ነገር የለም። የሕፃኗን እውነተኛ ስም እንኳ አልጠየቀችም።

ሰማሁ። ማዘን እንዳለብኝ አውቄአለሁ። ጆንያ እየቆጠርኩ ነበር።

ልንወጣ ስንል «የአንቺ ስምስ ትርጉሙ ምንድን ነው?» አለች።

ምትኬ ነው ስሜ። በዐረብኛ ሳስበው «በደል» ሆኖ መጣልኝ። እነሱ ምትክን በደል ነው የሚሉት። በእኛ ደግሞ በደል ሌላ ነው። ሁለቱንም ነገርኳት።

«የማን ምትክ?»

አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ጠይቄ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ካህረባ፣ ማለት መብራት፣ ስለጠፋ ቀረጻ የለም። ቤት ዋልኩ።

ቀን ላይ እናቴ ጥላው ሥር ለጾሙ ባቄላ ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ጌጡ ሰሊጥ ጭኖ ፖርት ሱዳን ከሄደ ስምንት ቀኑ ነው፤ እሱ ሲሄድ እኔና እናቴ ብቻ ነን። አብዛኛውን ጊዜ አንነጋገርም።

«እማ፣ የማን ምትክ ነኝ?»

እጇ አልቆመም። ጠጠር አውጥታ ወረወረች።

«ምን አስታወሰሽ?»

«ያቺ የካርቱሟ ልጅ ጠይቃኝ ነው።»

ብዙ ባቄላ ለቀመች። ከዚያ ነገረችኝ። እንደተናገረችው ልጻፈው።

«እህት ነበረችሽ። ይታይሽ ነው ስሟ። በድርቁ ጊዜ ከአርማጭሆ ስንወርድ፣ ገላባት ሳንደርስ ሆዷን አመማት። ሁለት ቀን ነው። ወንዶቹ ግራር ሥር ቀበሯት። እኔን አላስጠጉኝም። ሰዉ እየሄደ ነው፣ ተነሽ አሉኝ። ተነሣሁ።»

ዕድሜዋን ጠየቅኋት። «ገና መሮጥ መጀመሯ ነበር» አለች።

«አንቺ እዚህ ስትወለጂ አባትሽ ነፍሳቸውን ይማረውና ምትኬ አሉሽ። ደስ ብሏቸው ነው። እኔ ግን አንድ ቀን በዚህ ስም ጠርቼሽ አላውቅም።»

ልከራከራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አሰብኩት። አንቺ ልጅ። እናትዬ። አንቺዬ። ስትቆጣ እንኳ፣ አንቺ ሴትዮ። እውነቷን ነው። አንድም ቀን አልጠራችኝም፤ እኔም አላስተዋልኩም።

«እሷ እሷ ነበረች። አንቺ አንቺ ነሽ» አለችና ባቄላውን ይዛ ገባች።

ከሐምሌ ጀምሮ ይህን ደጃፍ የረገጠ ሁሉ «ምትኩን ይስጥሽ» ብሎኛል። ሁሉንም አሜን ብያለሁ። እናቴ ብቻ አላለችኝም። እስከ ዛሬ ቅር ይለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

መጥፎ ቀን።

ጫጩቷን ይታይሽ እንበላት ብዬ ሲሃምን ጠየቅኋት። ምክንያቱን ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ «አይሆንም» አለች። በቁጣ አይደለም።

«እህትሽን አላህ ይማራት። የእኔዋ ግን ትኑር አትኑር አላውቅም። እስካውቅ ድረስ ቦታዋን ለሌላ አልሰጥም። መልሺው እንጂ አትተኪው።»

ተናድጄ ወጣሁ። በሩ ላይ ቆሜ የሚቦነውን አቧራ ሳይ፣ የተናደድኩ መሆኔ ራሱ ገረመኝ። ስንት ወሬ ስሰማ ያልተነቃነቅሁት ሴትዮ! ደግሞም ልክ ናት። ትናንት እናቴ ያለችኝን ነው ያለችኝ።

ተመልሼ ገባሁ። «አደራ» አልኳት። «አማና በእኛ አደራ ነው። ሰው እጅ ላይ የተቀመጠ፣ የማይበላ፣ የማይካድ። ሰው ሲማጠንም አደራ ይላል።»

«አደራ» አለች። ራ ላይ ምላሷን እንደ ዐረብ ጠበቅ አደረገችው። አቀፈችኝ። ላቧና ሰሊጡ ሸተቱኝ።

ከዚያ ቀረጻ። አህያውን አንድ አስተማሪ ባልደረባዬ ተጫውቶታል፤ ጥሩ ነው። ኤሊዋን እኔ፤ ደህና ናት። እናት ሽመላም እኔ። እሷ ላይ ሥራው ቆመ። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ጫጩቷን ሦስት ጊዜ ትጣራለች። ሌላ ቃል የላትም። አሥራ አራት ጊዜ ሞከርኩ። ሲሃም ማዳመጫውን አውልቃ፣ «ምትኬ፣ ዜና የምታነቢ ነው የምትመስይው» አለች።

እንደዚያ ነው። ድምፄ ውስጥ ሰው የለም።

ነገ ካልተሳካ በዐረብኛው ይታያል። ልጆቹ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ፣ ምንም ሳይገባቸው ይሄዳሉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ጠዋት አምስት ጊዜ ሞከርኩ። እንደ ትናንቱ ነው። ሲሃም መቆጣት ትታ ነበር፤ እሱ ባሰብኝ።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ እናቴ ምሳ ይዛ መጣች። ፉልና ዳቦ። መጋዘኑ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ቶቧን፣ የሱዳን መጠቅለያ ልብሷን፣ ሰብስባ ጆንያ ላይ ተቀመጠችና ታብሌቱን አየች። ሽመላዋ ጎርፉ ዳር ቆማለች። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ድምፅ የለም።

«ይቺ ምን ሆና ነው?»

«ልጇ ጠፍታባት ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አለች?»

«እኔ ነኝ ያልሆነልኝ፣ እማ።»

«ስሟ ማነው? የልጅቱ?»

«አደራ።»

እናቴ ዳቦውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ጮኻም አይደለም። ከጓሮ ልጅ ለምሳ እንደሚጠራ ጠራቻት። «አደራ!» ቆየች። «አደራዬ!» ሦስተኛው ላይ ግን ድምፅዋ ሌላ ቦታ ሄደ። የት እንደሄደ ያወቅነው እሷና እኔ ብቻ ነን። ያኔ ግራሩ ሥር ተነሽ ሲሏት ያልተጣራችውን ጥሪ መሰለኝ።

ሲሃም አማርኛ አይገባትም። መቅጃውን ግን ከፍታው ነበር። መዝጋት ረስታ ፉሉን ስንበላ ሁሉ ቀድታናለች።

እናቴን ፊልሙ ላይ ድምፅሽ ይግባ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ካልተበላሸባችሁ» አለች። ከዚያ ሳህኖቹን ሰበሰበች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

የስድስተኛ ክፍልን መስኮቶች በጆንያ ሸፍነን አጨለምነው። ከመቶ በላይ ልጅ መሬት ላይ። እናቶች ከኋላ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ፊልሙ ሁለት ጊዜ ቆመ፣ ሁለት ጊዜ ተነሣ።

አህያው ይደርሳል ስሙን ተናግሮ ገና ሳይጨርስ ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። ከፊት ያለ አንድ ልጅ «የእኛ አጎት ነው!» ብሎ ጮኸ። ሙዲራዋ ከሁሉም በላይ ሳቀች።

ጎርፉ አለፈ። ሽመላዋ አፏን ከፈተች።

«አደራ!»

አንዲት ከአምስት ዓመት የማትበልጥ ልጅ ከፊት ተነሣችና «አቤት!» አለች።

ሳቁባት። ሁለተኛው ጥሪ ሲመጣ ግን ሦስት አራት ሆነው መለሱ። ሦስተኛው ላይ ክፍሉ በሙሉ «አቤት!» አለ። ጆንያው ከመስኮቱ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

እናቴን ዞሬ አየኋት። በቶቧ ጫፍ አፏን ይዛለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። መሳቅ ይሁን ማልቀስ ከቆምኩበት አይለይም። ሲሃም አጠገቧ ቁጢጥ ብላ እጇን ይዛታለች።

እኔ አላለቀስኩም። ከልጆቹ ጋር ግን «አቤት» ብያለሁ፤ ከክረምት ወዲህ ድምፄ ውስጥ ሰው ሲኖር የመጀመሪያው ነው።

በራክሻ ስንመለስ እናቴ ወደ መንገዱ እያየች፣ «የአንቺዋስ?» አለች።

«የእኔዋ ምን?»

«ስም ሳታስቢላት አልቀረሽም።»

አስቤላት ነበር። ገና በሆዴ ሳለች። ለማንም አልተናገርኩም።

«ለአባቷ ሳልነግር ላንቺ አልነግርም» አልኳት።

«ደግ አልሽ» አለች።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ጌጡ ከሰዓት በኋላ ደወለ። ጭነቱን አራግፎ ወደ ከሰላ እየተመለሰ ነው፤ ኔትወርኩ የሚያዘው ኮረብታ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። መኪናውን አቁሞ ነበር። ስለ መንገዱ ነገረኝ፣ ስለ ኬላው። ስለ ፊልሙ ጠየቀኝ፤ በደንብ አለፈ አልኩት። ከሐምሌ ጀምሮ የምንነጋገረው እንዲህ ነው፤ መንገድ፣ ኬላ፣ ጎማ።

«ጌጡ፣ ስም ነበራት» አልኩት።

 ነፋሱ ይሰማኛል።

«ትርንጎ። ትርንጎ ልላት ነበር። ካሣ ያልሆነ፣ ምትክ ያልሆነ፣ እንዲሁ ደስ የሚል ሽታ ያለው ነገር ስም ፈልጌ።»

መልስ የለም። ስልኩን አየሁት። ተቋርጧል። መቼ እንደተቋረጠ አላውቅም። ስሟን ይስማ አይስማ አላውቅም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ከደጅ ሰምታለች መሰለኝ፣ መጥረጊያውን አቆመች። አልገባችም።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ጌጡ ነው፣ ያለከልካል። ሮጦ ኮረብታውን የወጣ ይመስላል።

«ድገሚልኝ» አለ።

ደገምኩለት።