የአያትሽ ቀለበት በጨረር ፊት

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4 ቀን

የተወደድሽው ልጄ፣

ለአንድም ሰው፣ ለአባትሽ እንኳ ሳይቀር፣ ነግሬው የማላውቀውን ነገር ልንገርሽ። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት አክስትሽ ጣቴን ይዛ «ይሄ የእናቴ ድንጋይ አይደለም» ስትል እውነቷን ነበር። ድንጋዩ ቀይ መስታወት ነበር። ያስገባሁትም እኔ ነኝ።

አሁን ደንግጠሽ እንዳትደውዪ። ብትደውዪ እንደ ልማዴ «ደህና ነኝ፣ ብርዱ እንዴት ነው?» ብዬሽ እዘጋዋለሁ። በወረቀት ላይ እሻላለሁ። ደግሞ መጨረሻው የሚያስለቅስ አይደለም፤ እንዲያውም ሁለት ቀን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ የላይኛዋ ጎረቤት ሰምታ «ደህና ነሽ ወይ?» ልትለኝ ወርዳ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ዕቃ አጥቤ እጄን ሳደርቅ የቀለበቱ ድንጋይ የለም። ድንጋዩን ከያዙት የወርቅ ጥፍሮች አንዷ ላልታ ኖሮ ውሃው ይዞት ወርዷል። የቧንቧ ሠራተኛ ሚስት ነኝ፤ «ና ይህን ቱቦ ፍታልኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን አያትሽ «ከእጅሽ እንዳይወጣ፣ ነገ ለልጅሽ ነው» ብላ ሰጥታኝ ካረፈች ገና ሦስት ወሯ ነው። አፈርኩ። ማንም ወደማያውቀኝ ሰፈር ሄጄ አንድ ወርቅ ሠሪ ቀይ መስታወት አስገባልኝ። ትምህርት እስከጨረስሽበት ዕለት ምሳ ድረስ ማንም ልብ አላለም።

አክስትሽን «አክስቴ መርፌ» ያልሻት በከንቱ አልነበረም። ክር ከጨርቅ ጋር በዓይኗ ስታዛምድ የኖረች ልብስ ሰፊ ናት። ጣቴን ወደ መስኮቱ አዞረችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«እታለም፣ ይሄ የእናቴ ድንጋይ አይደለም። ቀዩ ሌላ ነው። ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

በቀስታ ነበር የጠየቀችኝ፣ ልጄ። እኔ ግን ሰው ሁሉ እየሰማ «ቀለበቱ ላንቺ ስላልደረሰሽ ቀንተሽ ነው!» አልኳት። ሳህኗን አስቀምጣ፣ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ቤታችንን አልረገጠችም።

አባትሽ በየወሩ እየሄደ ይጠይቃት ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ «ለእህቴ የምትልኪው ነገር የለም?» ይለኛል። «ሰላም በልልኝ» እለዋለሁ። ትንሽ ቆሞ ይጠብቅና ይሄዳል።

አንቺ ደግሞ ባለፈው ደብዳቤሽ «ሙዚየማችሁ ዕቃ የሚያስመረምርበት ቦታ ቀለበቱን አስመርምሪውና ወረቀቱን ለአክስቴ አሳዪያት። የሠርግሽን ልብስ ልሰፋ እመጣለሁ፣ እናትሽ ካለች ግን አልቀመጥም ብላኛለች። ገላግሉኝ በቃ» ብለሽ ጻፍሽ። ደስ አለኝ። እኔ መናገር ያቃተኝን መሣሪያው ይናገርልኛል፣ መስታወት ነው ብሎ ያጋልጠኝና እገላገላለሁ አልኩ። የፈሪ ሐሳብ ነው፤ ግን ሐሳብ ነው።

የሙዚየሙ መጋዘን ውስጥ ሥራዬ አቧራ መጥረግ መሆኑን ታውቂያለሽ። ኃላፊዬ «የመጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ሁልጊዜ ምነው ትዘገያለሽ?» እያለች ትስቅብኛለች፤ የማነባቸው መሆኑን ታውቃለች። ስለዚህ ባለፈው ሐሙስ የጥንቶቹን ዶቃዎችና የከበሩ ድንጋዮች ወደ ላቦራቶሪው ስትወስድ «ሣጥኑን አንቺ ያዢ፤ ቀለበትሽንም አምጪው፣ መጨረሻ ላይ ጊዜ አይጠፋም» አለችኝ።

ምን የመሰለ ቦታ መሰለሽ! ክፍሉን ሙሉ የሚሄድ ረጅም የብረት ቱቦ አለ። በውስጡ ፕሮቶን የሚባሉ፣ ከአቧራ እጅግ የሚያንሱ ቅንጣቶች በኃይል እየተገፉ ይሮጣሉ። ጫፉ ላይ ከፀጉር በቀጠነች መስኮት ወጥተው ፊቷ የተቀመጠውን ዕቃ ይነኩታል። አይፍቁትም፣ አይበሱትም። በዕቃው ውስጥ ያለው ሁሉ ግን፣ ወርቁም ብረቱም፣ ሲነካ የየራሱን ራጅ ይሰጣል፤ ያ በኮምፒውተሩ ላይ እንደ ተራራ ብቅ ብቅ ይላል። የትኛው ተራራ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ተመራማሪ ሁሉንም «ቀስ በሉ» ስለሚል ዶክተር ቀስበሉ ብለውታል።

የኛ ተራ ሲደርስ «መስታወት ነው» አልኩት ቀድሜ።

«እማማ፣ እርስዎ ከነገሩኝ እኔ ምን ልሥራ?» አለና ቀለበቱን አስቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለ። «አሉሚኒየም… ክሮሚየም… ትንሽ ብረት፣ ትንሽ ጋሊየም… ማነው መስታወት ያለዎት? ሩቢ ነው! ያውም ከመሬት የወጣ!»

«ተሳስተዋል። ይድገሙት።»

«ሰው ሩቢ ነው ሲሉት እልል ይላል፣ እርስዎ ይከራከሩኛል!» እያለ ደገመው። ያው ነው። ከዚያ ጨረሩን ድንጋዩን ወደያዘችው ጥፍር አዞረና ፊቱን አጨማደደ። «ይህን ደግሞ ማነው ያበላሸው? ሥሩ ሁሉ እርሳስና ቆርቆሮ ነው፤ ስታኞ! ወርቅ በስታኞ የሚበይድ ማነው? የቧንቧ ሠራተኛ ነው እንዴ?»

ለቀልድ ነበር ያለው። እኔ ግን የምቀመጥበት ፈለግሁ።

ትዝ አለኝ። ከአክስትሽ ጋር ከተጣላን በዓመቱ የዕቃ ማጠቢያው ተደፍኖ አባትሽ አንድ እሑድ ሙሉ ከሥሩ ተኝቶ ዋለ። ሲወጣ ፊቱ በርቶ «ቀለበትሽን ስጪኝ፣ ልወልውልልሽ» አለኝ። መስታወቱን ሊያውቅብኝ ነው እያልኩ አውልቄ ሰጠሁት። በማግስቱ መልሶ ጣቴ ላይ አጠለቀልኝና ወደ ሥራው ሄደ። ጥፍሯ ሥር ያለችውን ግራጫ ነገር እስከ ሐሙስ ድረስ እድፍ ናት እያልኩ በብሩሽ ስፈትግ ኖሬአለሁ።

ቤት ገብቼ የመሣሪያ ሣጥኑን ከፈትኩ። አባትሽ ካረፈ ጀምሮ አልነካሁትም ነበር። የጎማ ቀለበቶቹን በሚያስቀምጥበት ጣሳ ውስጥ፣ ከጎማዎቹ መሀል፣ ቀዩ መስታወት ቁጭ ብሏል። ሳቄ መጣ። በብልሃት ደበቅሁ ስል ለካ እሱ ድንጋዩን ከቱቦው አውጥቶ በመስታወቱ ፋንታ መልሶታል፤ ሁለታችንም ከአንዱ ማጠቢያ ሥር ተደብቀን ነበር!

ሳቁ ሲያልፍልኝ ግን በሩ ጋ እየቆመ «ለእህቴ የምትልኪው ነገር የለም?» ይለኝ የነበረው ታየኝ። በየወሩ በር ከፍቶልኝ ነበር። አንድም ቀን አልገባሁበትም።

አሁን ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ማኅተም አለው፤ «የተፈጥሮ ሩቢ» ይላል። ይህን ብቻ ለአክስትሽ ባሳያት ረትቻት ቁጭ አልኩ ማለት ነው፤ እሷም ዕድሜ ልኳን ቀናተኛና ውሸታም ሆና ትቀራለች። መሣሪያው አልዋሸም፤ የተጠየቀው ዛሬ ያለውን ነው። ያን ዕለት ጣቴ ላይ የነበረውን የሚናገር ግን ከእኔ በቀር ማንም የለም።

ስለዚህ ቀለበቱ ያንቺ ነው። ወርቅ ሠሪ «ይህን ስታኞ ላጽዳልሽ» ቢልሽ እሺ እንዳትዪው፤ የአባትሽ የእጅ ጽሑፍ ነው። መስታወቱ ደግሞ የአክስትሽ ነው፤ ምስክሯ ነውና። ልብስሽን እንደፈለገች ትስፋው፤ ቀይ ጥልፍ ካለበት ምርጫው የእሷ ብቻ ይሁን። በሠርግሽ ቀን እኔን ከጎኗ ታስቀምጠኝ አታስቀምጠኝ እንደሆነ አላውቅም። ባታስቀምጠኝ ከኋላ እቆማለሁ፤ ዋናው እሷ ከፊት መሆኗ ነው።

ቤታችሁ ሰላም የሞላበት ይሁን። የሚወድሽ ሰው ሁልጊዜ በር ከፍቶ ይጠብቅሽ፤ አንቺም እንደ እኔ ሳትዘገዪ ግቢ።

እናትሽ

ፖስታው ያልታሸገው ረስቼው አይደለም። ነገ ጠዋት የአክስትሽ የልብስ ስፌት ሱቅ ገና ሲከፈት ይዤው እሄዳለሁ፤ አንቺ ዘንድ ይዛው የምትመጣው እሷ ናት፣ ከፈቀደች። ሰው ሁሉ እየሰማ ነበር ያሳፈርኳት፤ ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ሰው ቢኖርም ቆማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብበው። እነዚህን ገጾች ካንቺ አስቀድማ የምትቀበላቸው አክስትሽ ናት።